በመንገድ የተጣለው ፈረስ
(ለጋማ ከብቶች ስለሚገባ ርኅራኄ ለምእመናንና ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ የቀረበ ትምህርት)

መግቢያ



በአንድ የክረምት መግቢያ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር አንድ አመድማ ፈረስ ቆሞ አየሁ። ጀርባው ተልጦ ዝንብ ወሮታል፤ የጎድኑ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጭነት መኪናው ጥሩምባ ቢነፋበትም ፈቀቅ አላለም። ከእኔ ጋር ከትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎቻችን አንዱ ነበርና «አባ፣ ይህ ፈረስ የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «የማንም አይደለም፤ የተጣለ ነው» አልሁት። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የማንም ካልሆነ ታዲያ ውኃ ማን ያጠጣዋል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቅዳሴ ይጠብቀኝ ስለ ነበር መንገዴን ቀጠልሁ። በማግሥቱ የልጁ ጥያቄ ዕረፍት ቢነሳኝ ባልዲ ይዤ ወደዚያው ስፍራ ተመለስሁ። ፈረሱ አልነበረም። በአቅራቢያው ሱቅ ያላት እናት «አባ፣ ሌሊት ጅብ ጨረሰው፤ ጩኸቱን ሰምተናል» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም። ካህን ሆኜ አልፌ ሄጃለሁ። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ቁስለኛውን አይተው ያለፉት እነማን እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንመረምራለን። በመጀመሪያ በአገራችን ፈረስ ለምን እንደሚጣል፤ ቀጥሎ ቅዱስ መጽሐፍና ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያስተምሩን፤ በመጨረሻም የተጣለን እንስሳ ለማንሣት ምን ማወቅና ምን ማድረግ እንደሚገባን።

1. ፈረስ በአገራችን የነበረውና ያለው ስፍራ

አገራችን በጋማ ከብት ብዛት ከዓለም በግንባር ቀደምትነት የምትቆጠር ናት። ፈረሶቿ ወደ 2 ሚሊዮን ይገመታሉ፤ አህዮቿ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ በዚህ በዓለም የሚተካከላት የለም። ፈረንጆች ከመሬት እስከ ትከሻው ከፍታ ሲለካ 148 ሳንቲ ሜትር ያልሞላውን ፈረስ «ፖኒ» ይሉታል፤ ድንክ ፈረስ ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ቢሄዱ የእኛ ፈረሶች አብዛኞቹ ከድንኮቹ ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ የአገራችን ታሪክ በእነዚሁ ትንንሽ ፈረሶች ጀርባ ላይ የተጓዘ ነው። ነገሥታቱና የጦር አለቆቹ በፈረሶቻቸው ስም መጠራትን እንደ ታላቅ ክብር ይቆጥሩት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ተብለው መታወሳቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ከቡሬ ብዙም በማይርቀው በእንጅባራ ይህ ክብር ዛሬም በዓይን ይታያል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋንና የአርበኞችን ፈረሶች ውለታ በማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዚያን ዕለት ፈረሱ ታጥቦ፣ ጋማው ተበጥሮ፣ በግላስና በባለ ጌጥ ልጓም አምሮ ሜዳውን ይሞላዋል። የፈረሰኞቹም ሽምግልና በአካባቢው ጠብን ለማብረድ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ባለበት አገር ፈረስ የሚናቅ ፍጥረት ነው ሊባል አይችልም።

ታዲያ በበዓል ቀን ያንን ያህል የሚከበረው እንስሳ በአዘቦት ቀን ስለ ምን በጎዳና ይጣላል? «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አያዋጋም» ይላል ተረታችን። ካደረሰን በኋላ ግን ዞር ብለን የማናየው ለምንድን ነው?

2. ፈረስ ለምን ይጣላል?

ለመፍረድ ከመቸኮል በፊት ምክንያቱን መረዳት ይገባል። ብዙ ዘመን ጋሪ ሲነዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ስለዚሁ ጉዳይ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ፣ ፈረሴ አርጅቶ እግሩ ሲያነክስ ልሸጠው ብል ማን ይገዛኛል? እንደ በሬ ልረደው ብል ሥጋው አይበላ። ልግደለው ብል ስንት ዓመት ያበላኝን እንዴት እጄ ይታዘዝልኛል? ማታ ከከተማ አውጥቼ ለቀቅሁትና ወደ ኋላ ሳላይ ተመለስሁ።» ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ከእኒህ ሽማግሌ ንግግር የነገሩን ሥር እናገኛለን። በሬ ሲያረጅ ይደለባል፤ ይሸጣል፤ ጌታውን በመጨረሻውም ይጠቅማል። ፈረስ ግን በእኛ ባህል ሥጋው ስለማይበላ መሥራት ባቆመበት ቀን ዋጋው ያልቃል። ባለቤቱም ከመግደልና ከመቀለብ መካከል አንዱን መምረጥ ሲያቅተው መልቀቅን እንደ ምሕረት ይቆጥረዋል። ነገር ግን የተለቀቀው ፈረስ የሚያገኘው ነጻነት ሳይሆን ረኃብ፣ የመኪና አደጋና ጅብ ነው። በከተማ ቆሻሻ መጣያ የሚበላውን ሲፈልግ ፌስታል ይውጣል። ፌስታሉም አንጀቱን ይዘጋዋል። ፈረስ ደግሞ እንደ ውሻ ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ስለሆነ የዋጠው ሁሉ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ በሆድ ቁርጠት ተንከባሎ ይሞታል።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በከተሞቻችን ከተስፋፋ ወዲህ የጋሪ ገበያ ቀዝቅዟል፤ ገቢው የቀነሰበት ባለጋሪም በመጀመሪያ የሚቀንሰው የፈረሱን ቀለብ ነው። የግጦሽ መሬት ጠብቧል፤ የጭድና የፉርሽካ ዋጋ ንሯል። ከናይለን ገመድና ከአሮጌ ጎማ የተበጀ መጎተቻ ደረቱንና ጀርባውን ይልጠዋል፤ ገጣባ የሆነውም እንስሳ ሳያገግም በማግሥቱ እንደገና ይጠመዳል።

ከሁሉ ይልቅ የጋሪ ፈረስን ከሥራ የሚያስወጣው ግን በቆዳው ሥር እንደ ገመድ ተያይዞ የሚፈነዳ እብጠት ያለበት የሻጋታ በሽታ ነው። ሐኪሞች ወረርሽኛዊ የሊምፍ ሥር ብግነት ይሉታል። በሽታው በቁስል በኩል ይገባል። ዝንብ ያዛምተዋል፤ በጋራ የሚያገለግል ኮርቻና መጎተቻም ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፈዋል። በወይና ደጋ ከተሞቻችን የሚበረታ ሲሆን በጅማሬው ሐኪም ካየው በአዮዲን መድኃኒት ሊረዳ ይችላል። ከበረታ በኋላ ግን ሕክምናው ረጅምና ውድ ስለሚሆን ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ይለቀዋል። የተለቀቀው በሽተኛ ደግሞ በሽታውን ለጤነኞቹ ያደርሳል። ስለዚህ አንዱን ፈረስ መጣል የሌላውን ባለጋሪ እንጀራ መንካት ነው።

3. ቅዱስ መጽሐፍና ቤተ ክርስቲያን ምን ያስተምሩናል?

አንዳንድ ሰው የእንስሳ ነገር ፈረንጅ ያመጣው አዲስ ትምህርት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ሕገ ኦሪትን መግለጥ ይበቃል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ቁጥር 5 እግዚአብሔር ሕዝቡን ያዘዘው ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ ትተኸው እንዳታልፍ፣ ይልቁንም አብረህ እንድታነሣው ይላል። ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አህያው የአንተ አይደለም፤ የወዳጅህም አይደለም። ስለዚህ «የእኔ አይደለም» የሚለው ምክንያት በእግዚአብሔር ፊት አይቆምም። ሁለተኛም፣ አህያውን ለማንሣት ከጠላትህ ጋር ጎን ለጎን መቆም ግድ ይሆንብሃል። እንስሳውን ማዳን ለሁለቱ ሰዎች የዕርቅ መንገድ ይከፍታል ማለት ነው።

በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 12 የሰንበት ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬና ለአህያም የተሰጠ መሆኑ ተነግሯል። በዘዳግም 25፥4 እህል የሚያበራየውን በሬ አፍ ማሰር ተከልክሏል፤ የሚሠራ ፍጥረት ከሥራው የመብላት መብት አለውና። መጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 የጻድቅ ሰው ምልክት ለእንስሳው ነፍስ መጠንቀቁ እንደ ሆነ ያስተምራል። በዘኁልቍ ምዕራፍ 22 የበለዓም አህያ ነቢዩ ያላየውን የእግዚአብሔርን መልአክ አይታ መንገድ ስትለቅ ሦስት ጊዜ ተደብድባለች፤ የተወቀሰው ግን ደብዳቢው ነው። በትንቢተ ዮናስ መጨረሻም እግዚአብሔር ለነነዌ ሰዎች የራራበትን ምክንያት ሲገልጥ እንስሶቿን ከቁጥር አላወጣቸውም።

ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 በሰንበት ስለ መፈወስ ሲከራከሩት ጉድጓድ የገባን እንስሳ ማውጣትን ማንም የማይክደው ግልጽ ግዴታ አድርጎ ጠቅሶታል። ወደ ደጉ ሳምራዊም ስንመለስ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ አገልጋይ አለ። ሳምራዊው ቁስለኛውን በገዛ እንስሳው ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው ይላል። የምሕረቱን ሸክም የተሸከመው ያ እንስሳ ነው። ዛሬም በገጠራችን ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ፣ በሽተኛውን ወደ ጸበል፣ እህሉን ወደ ወፍጮ የሚያደርሰው ማን ነው?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ከቁጥር 2415 እስከ 2418 ይህን ጉዳይ ለብቻው ያብራራል። ፍሬ ነገሩ አራት ነው። እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት ናቸው፤ በመኖራቸው ብቻ ፈጣሪያቸውን ያከብራሉ፤ ስለዚህ ደግነት ይገባቸዋል። በዚህም ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚና ቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪ ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። ሰው እንስሳትን ለምግብ፣ ለልብስና ለሥራ ሊገለገልባቸው ይችላል፤ ስለዚህ ጋሪ መንዳት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት ለሰው ክብር የማይስማማ ነው። በአንጻሩም ለድሆች ሊውል የሚገባውን ሀብት በእንስሳት ላይ ማባከን፣ ለሰው ብቻ የሚገባውንም ፍቅር ለእንስሳ መስጠት አይገባም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ሰው በፍጥረት ላይ የተሰጠው ሥልጣን የመጠበቅና የመንከባከብ እንጂ እንደ ፈቀደ የመበዝበዝ እንዳልሆነ በሰፊው አስተምረዋል።

4. «ሰው ተርቦ ሳለ ስለ ፈረስ ይወራልን?»

ይህ ጥያቄ ከምእመናን ሁሉ በፊት ከራሴ ልብ የመጣ ነው። ችግር በበዛበት ዘመን፣ ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ያቃተው ሰው በሞላበት አገር፣ ስለ ተጣለ ፈረስ መናገር ቅንጦት አይሆንምን? ጥያቄው በቁም ነገር መመለስ አለበት።

በመጀመሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ከእንስሳ አስቀድማለች፤ ይህን አንለውጥም። የተራበ ልጅ ደጃችን ቆሞ ሳለ ገብሱን ለፈረስ የምንሰጥ ከሆነ ተሳስተናል። ነገር ግን በእኛ አገር የፈረሱና የልጁ እንጀራ አንድ ላይ የተሳሰረ ነው። የባለጋሪው ፈረስ የወደቀ ቀን የባለጋሪው ልጆች ራት ያጣሉ። ስለዚህ ቁስሉን በጊዜው ያጠበ ሰው ያዳነው ፈረሱን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው ርኅራኄ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ባልዲ ውኃ፣ የአንድ ዛፍ ጥላ፣ ከመጠን ያለፈውን ጭነት መቀነስ፣ አለንጋን መተው ምን ያስከፍላል? ሦስተኛ፣ ጭካኔ የሚለመድ ነገር ነው። ፈረስ በድንጋይ ሲመታ እያየ የሚስቅ ሕፃን ነገ ደካማ ባልንጀራውን ለመምታት እጁ የቀለለ ይሆናል። አራተኛ፣ ባለጋሪውን ብቻ መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ይሆንብናል። በአንድ ጋሪ አምስትና ስድስት ሆነን ተጭነን፣ ሒሳብ ተከራክረን፣ «ቶሎ በል፣ ግረፈው!» የምንለው እኛው ተሳፋሪዎቹ አይደለንምን?

5. ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የለንደን ከተማ መጓጓዣ በፈረስ ነበር። የደከሙ የኪራይ ሠረገላ ፈረሶች ልክ እንደ እኛዎቹ በጎዳና ይወድቁ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. አን ሊንዶ የተባሉ ሴት ለፈረሶች የዕረፍት ቤት መሠረቱ። የሥራቸው ብልሃት ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ድሃው ነጂ ፈረሱን ካሳረፈ በምን ይበላል? ስለዚህ ቤቱ የታመመውን ፈረስ ተቀብሎ ሲያሳርፍ ለነጂው ምትክ ፈረስ ያውሰው ነበር። ለሰውም ለእንስሳም በአንድነት ማሰብ ይቻላል ማለት ነው።

በ1930 እ.ኤ.አ. ዶርቲ ብሩክ የተባሉ እንግሊዛዊት ካይሮ ሲደርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶች ለጋሪና ለድንጋይ ማመላለሻ ተሽጠው፣ አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ አገኟቸው። ለአገራቸው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ገንዘብ አሰባሰቡና በሺህ የሚቆጠሩትን ከባለቤቶቻቸው ገዙ። በ1934 እ.ኤ.አ. ለድሆች ባለ ፈረሶች በነጻ የሚያክም ሆስፒታል በካይሮ ከፈቱ። በስማቸው የሚጠራው «ብሩክ» ድርጅት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችንም ሠርቷል። «ስፓና» የተባለውም ድርጅት በ1923 እ.ኤ.አ. እናትና ልጅ ለሰሜን አፍሪካ የሥራ እንስሳት ብለው የመሠረቱት ሲሆን ኋላ ወደ አገራችን ደርሷል። በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው የአህዮች መጠለያም በደብረ ዘይት ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር፣ በአዲስ አበባም በመርካቶ እህል በረንዳ አካባቢ ለጭነት አህዮች ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ብሎ ማረድን በአህጉሩ ለማገድ ወስነዋል።

የእነዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ የሚመሳሰልበት ነገር አለ። ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ተጀመሩ፤ የጀመሩትም ሀብታቸውን ሳይሆን ያዩትን በማስታወስ ነው።

6. የተጣለ ፈረስ እንዴት ይነሣል?

በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ዕውቀት የሚደረግ ደግነት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን በጥንቃቄ እናጥና።

ሀ) በመጀመሪያ ባለቤቱን መጠየቅ። የተጣለ የመሰለን ፈረስ ባለቤት ሊኖረው ይችላልና ሽማግሌዎችንና ቀበሌውን ሳይጠይቁ መውሰድ ጠብ ያስነሣል። ባለቤቱ ሲገኝም በወቀሳ ሳይሆን «እንርዳዎ» በሚል ቃል እንቅረበው።

ለ) ለራስ መጠንቀቅ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ወይም የሚንገዳገድ እንስሳ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል እጅን ወደ አፉ መስደድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሐኪም ይጠራ። ወደ ጤነኛውም ቢሆን ከኋላ ሳይሆን ከጎን፣ በለሰለሰ ድምፅ እንቅረብ።

ሐ) ውኃ። ንጹሕ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ደጋግሞ ይሰጠው። ከበረታ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ በሙቀትና በሥራ ቀን ከዚህም ይበልጣል።

መ) ምግብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተራበውን ፈረስ አይቶ አዝኖ ገብስ ወይም ባቄላ ጠግቦ እንዲበላ ያደርገዋል። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ግን በድንገት እህል ሲያገኝ በደሙ ያሉት ማዕድናት ሚዛናቸው ይዛባል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። ይህ ሞት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ምግብ በጀመረ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ፣ ሁሉም «ዳነ» ብሎ በተደሰተበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ጥሩ ድርቆሽ ብቻ፣ እፍኝ እፍኝ፣ በየ4 ሰዓቱ ይሰጠው፤ መጠኑም ቀን በቀን ይጨመር። ካገገመ በኋላ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ይበቃዋል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብዙ ከማብላት ጥቂት ደጋግሞ ማብላት ይሻላል። ትንሽ ጨው መላስም ያስፈልገዋል። ሥጋው ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ብዙ ወራት ይፈጃልና ትዕግሥት ያሻል።

ሠ) ቁስል። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ቁስሉን ማጠብ፣ ዝንብ ማራቅና ጀርባው እስኪድን ኮርቻም ሆነ መጎተቻ አለማስነካት። በጋለ ብረት መተኮስ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ቁስሉን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ ቶሎ የሚጠቃ እንስሳ ስለሆነ የጠለቀ ቁስል ሁሉ ለሐኪም ይታይ።

ረ) ሰኮና፣ ጥርስና ትል። ሰኮናው በየ6 እና 8 ሳምንቱ ይከርከም፤ ሹል ጥርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፤ የትል መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ይሰጠው።

ሰ) በሽታን መከላከል። የሻጋታው እብጠት የታየበት ፈረስ ለብቻው ይታሰር፤ ኮርቻውና ገመዱ ለሌላ አይሰጥ። ለአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚሆነው ክትባት በደብረ ዘይት በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታልና የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቆ ማስከተብ ነው።

7. መዳን የማይችለውስ?

እግሩ የተሰበረ ወይም በሽታው ከሐኪም አቅም በላይ የሆነ ፈረስ ይኖራል። ዶርቲ ብሩክ በካይሮ ከገዟቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ሥቃያቸው እጅግ የበረታ ስለ ነበረ ጥቂት ቀን በጥሩ አልጋና በጥሩ መኖ ካረፉ በኋላ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፉ ተደርገዋል። ይህ ጭካኔ አልነበረም። የሰው ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእግዚአብሔር እጅ ነውና በሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አታወላውልም። እንስሳን ግን ከማይድን ሥቃይ በሐኪም እጅ ማሳረፍ የባለቤቱ የመጨረሻ አገልግሎት ሊሆን ይችላል። በሕይወት ሳለ ለጅብ መተው ከዚህ የሚሻል ምሕረት አይደለም። ለእኒያ ሽማግሌ ያንጊዜ ይህን ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ የነገራቸው ግን አልነበረም።

8. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ታላቅ መጠለያ ለመሥራት አቅም የለንም፤ ከምንችለው እንጀምር።

አንደኛ፣ ባለጋሪዎች ተሰባስበው የፈረስ እድር ያቋቁሙ። ለሰው ሞት እድር እንዳለን ሁሉ በየሳምንቱ ጥቂት ብር በማስቀመጥ ለሕክምና፣ ለክትባትና ለአረጀው ፈረስ ቀለብ መተጋገዝ ይቻላል። የአንዱ ፈረስ ሲታመም ሌሎቹ ተራ እያደረጉ ፈረስ ቢያውሱት የለንደኑ ብልሃት በእኛው ባህል ይፈጸማል።

ሁለተኛ፣ ከቁምስናው ግቢ የሚታጨደው ሣር ተደርቆ ለተጣሉና ለታመሙ እንስሳት ይቀመጥ፤ ከተቻለም አንድ ጥግ ታጥሮ ሁለት ወይም ሦስት ፈረስ የሚያርፍበት ስፍራ ይሁን። ኃላፊነቱን የሚወስዱ ሁለት ወይም ሦስት ምእመናን በስም ይመረጡ፤ የሁሉ የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና።

ሦስተኛ፣ በጋሪ መቆሚያ አጠገብ የውኃ ገንዳ ይቀመጥ። ሞልቶ መዋሉን ወጣቶች በተራ ይጠብቁ።

አራተኛ፣ እኛ ተሳፋሪዎች ከልክ በላይ አንጫን፤ ዳገት ላይ እንውረድ፤ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ በተጠመደበት ጋሪ ላለመሳፈር እንወስን፤ ምክንያቱንም ለባለጋሪው በትሕትና እንንገረው።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ

ይህን ትምህርት ለሕፃናት ስታቀርቡ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ መታሰቢያ የሚውልበት የመስከረም 24 ሳምንት (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4) ተስማሚ ጊዜ ነው። ከትምህርቱ በፊት ልጆቹ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድ ያዩትን የጋማ ከብት ሁኔታ አስተውለው እንዲመጡ ንገሯቸው። ከዚያም በሚከተሉት ጥያቄዎች አወያዩአቸው፦

1. በዘጸአት 23፥5 የወደቀው አህያ የጠላት መሆኑ ለምን ተነገረ?
2. የበለዓም አህያ ያየችውን ነቢዩ ያላየው ለምን ይመስላችኋል?
3. በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ እንስሳው ያደረገው አገልግሎት ምንድን ነው?
4. ድሃ ባለጋሪ ፈረሱ ሲታመም ምን ያደርግ? ማንስ ይርዳው?
5. ለተራበ ፈረስ በመጀመሪያ ቀን ገብስ የማይሰጠው ለምንድን ነው?
6. በዚህ ሳምንት እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?

መደምደሚያ

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ያ ልጅ «ውኃ ማን ያጠጣዋል?» ብሎ የጠየቀኝን ጥያቄ በዚያች ማለዳ መመለስ አልቻልሁም። አመድማው ፈረስ አንዲት ሌሊት ብቻ ቀርታው ነበር፤ እኔም አንድ ቀን ዘገየሁ። ዛሬ ግን መልሱን አውቃለሁ፤ ያየው ሰው ያጠጣዋል። ያን ቀን የያዝሁት ባልዲ በቤተ ልሔሙ በር አጠገብ ተቀምጧል። ልጁም አልረሳም። ከትምህርት ሲመለስ ባልዲውን ሞልቶ ወደ ጋሪ መቆሚያው ይወስደዋል፤ አንዳንድ ቀንም አብሬው እሄዳለሁ።

እግዚአብሔር አምላክ የሰጠንን አደራ የምንጠብቅበት ልቡና ያድለን፤ አሜን።